የሻጭ አንደበት ዋጋው ስንት ነው?

ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ሲኖር እንጀራውን የሚያገኘው ከአካሉ አንዱን ክፍል ለሥራ በመስጠት ነው። ገበሬው ክንዱን፥ ሸማኔው እጁንና እግሩን፥ ቍም ጸሐፊው ዓይኑንና ጣቱን ይሰጣል፤ ማታ በሆነ ጊዜ ግን የደከመው አካል ያርፋል፥ በማግሥቱም ወደ ሥራው ይመለሳል። አንደበትን የሚጠይቁ ሥራዎችም አሉ፤ መምህሩም ጠበቃውም በአንደበታቸው ያድራሉ። ነገር ግን ቃሉ በሌላው ልብ ውስጥ በገባለት መጠን ብቻ ዋጋው የሚከፈለው፥ ቃሉ ባልገባለትም ቀን ባዶ እጁን የሚመለስ፥ እንደ ሻጭ ያለ የለም። አንደበትም ከልብ ጋር የታሰረ ነውና እንደ ክንድ ደክሞ የሚያርፍ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የማያምነውን ሲናገር የዋለ ሰው፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያምነውን መናገር እንዴት ይሆንለታል? ስለዚህ የሻጭ አንደበት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ከአንደበቱም ጋር ሳያውቀው ሌላ ምን እንደሚሸጥ መመርመር ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ በቀድሞ ዘመን የንግድ ሥራ የተናቀ ነበር። የመኳንንት ልጅ በጦር፥ የካህን ልጅ በትምህርት ሲመሰገን፥ ጭነት አስሮ በየገበያው የሚዞረውን ሰው «መጫኛ ነካሽ» ብሎ መስደብ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው የሚሰድቡትን ሁሉ የሚገሥጽ ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፥ ከአንጥረኛውና ከሸማኔው ጋር ነጋዴውንም ከስድብ የከለሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአፋር ቈላ አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ጭኖ የሚያወጣ ሰው ባይኖር፥ የደጋው ሰው ወጡን በምን ያጣፍጥ ነበር? የተረፈውን ካልተረፈው፥ ቈላውን ከደጋው የሚያገናኝ ነጋዴ ነውና፥ መሸጥ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ያለ ጨው መብላትን ይልመድ።

ነገር ግን የዱሮው ነጋዴ ሸቀጡን ከፊቱ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ገዢውም ጨውን ቀምሶ፥ የበቅሎን ጥርስ ገልጦ፥ ሸማውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያይ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከሚሸጠው ነገር ብዙው ሸማቹ በዓይኑ ሊመረምረው የማይችል፥ ወይም ገና ያልተሠራ ነው። የመድን ውል እንደዚህ ነው፤ በአዲስ አበባ ከተማ መሠረቱ ገና ሲቈፈር በሥዕል የሚሸጠው ፎቅ ቤትም እንደዚህ ነው። ሸቀጡ ባልታየ መጠን የሻጩ ቃል እየከበደ ይሄዳል። ገዢው የሚቀምሰው ጨው ስለሌለው የሻጩን ቃል ቀምሶ ይገዛል።

እንደ ምሳሌ አንድ ወጣት ይታሰብ። ዕድሜው 26 ዓመት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አመራር ተምሮ ተመርቋል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጎ ካጣ በኋላ ቤት ሠርቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። ደመወዙ በወር 8,000 ብር ነው እንበል። ቤት የሸጠ እንደ ሆነ ከመቶ 1 ኮሚሽን ይታሰብለታል፤ ስለዚህ 9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አንድ ቤት ቢሸጥ 90,000 ብር ያገኛል፥ ይኸውም ከ11 ወር ደመወዙ ይበልጣል። ቤት ባልሸጠበት ወር ግን ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ጧት በ2 ሰዓት ተኩል በሥራው ቦታ ይገኛል። ባለፈው ሳምንት ብዙ የሸጡት ስማቸው በጉባኤ ይጠራል፥ ይጨበጨብላቸዋልም፤ ያልሸጡት አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር ስልክ ይደውላል፤ ከ40 ሰው አብዛኞቹ ገና ስሙን ሳይጨርስ ይዘጉበታል። ከሰዓት በኋላ ፈቃደኛ የሆኑትን እየወሰደ የሚሠራውን ቤት ያሳያቸዋል፤ ጫማውን ከግንባታው ጭቃ በቀን ሁለት ጊዜ ያስጠርጋል። ሲመሽም በአሜሪካ ላሉት ኢትዮጵያውያን ይደውላል፥ በዚያ ገና ቀን ነውና። በዐረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩት እኅቶች ደግሞ የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቆ ይደውላል። ይህ ሥራ የሰነፍ ሥራ ነው የሚል ሰው አንድ ቀን ብቻ ተከትሎት ይዋል።

ሰዎቹስ ያልተሠራ ቤት ለመግዛት ለምን ይቸኵላሉ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፥ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ምክንያት ጥሪት ያለው ሰው ሁሉ ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ እንዳይቀልጥበት ፈራ። ወጣቱም ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ «ዛሬ ካልገዙ ነገ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ቃል ከሥዕሉ ሁሉ ይልቅ እንደሚሸጥለት ተምሯል። ቃሉም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን እውነት የሆነ ቃል ሰውን አስደንግጦ ሌላውን እውነት እንዳይጠይቅ የሚያደርገው እንደ ሆነ፥ የሐሰትን ሥራ ይሠራል።

ወጣቱ ስለ ምን እንዲህ እንደሚደክም ቢመረመር ክፉ ምክንያት አይገኝበትም። በደብረ ብርሃን ያለች እናቱ የስኳር በሽታ መድኃኒት በየወሩ ትገዛለች። ታናሽ እኅቱ በእርሱ ወጪ ትማራለች። ያጫት ልጅ አለች፥ የሠርጉም ቀን ገንዘብ በማጣት ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ከዚህም ሌላ የማሸነፍ ፍቅር አለበት፤ አንድ ሰው «አልገዛም» ብሎ ጀምሮ በመጨረሻው ሲፈርም ማየት ደስ ያሰኘዋል፥ የጧቱንም ጭብጨባ ይወዳል። አደጋውም ያለው በዚሁ ነው። ክፉ ምክንያት ያለው ሰው ኅሊናው ሲወቅሰው ይሰማል፤ መልካም ምክንያት ያለው ሰው ግን «ስለ እናቴ ነው፥ ስለ እኅቴ ነው» እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። በእናት መድኃኒት የተሸፈነች ሐሰት ሐሰት አትመስልምና ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ልትፈራ ይገባታል።

አንድ ቀን በጡረታ የሚኖሩ አንዲት መምህርት ወደ እርሱ መጡ እንበል። ባላቸው ዐርፈዋል። በ30 ዓመት አገልግሎት ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ፤ የቀረውን ልጃቸው በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። የሚኖሩበት ቤት የኪራይ ስለ ሆነ፥ ሳይሞቱ የራሳቸው በር እንዲኖራቸው ይመኛሉ። በውሉ ላይ ቤቱ በ24 ወር ተሠርቶ እንደሚያልቅ ተጽፏል። ወጣቱ ግን የብረት ሥራው ከቆመ 4 ወር እንደ ሆነው፥ ከእነርሱ በፊት የገዙትም የተቀጠረላቸው ጊዜ አልፎ ገና ቍልፍ እንዳልተቀበሉ ያውቃል። የሥራው አለቃ «ያልተጠየቃችሁትን አትመልሱ» ብሎ አዝዟል። መምህርቲቱም ሥዕሉን ሁሉ አይተው ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፥ «ልጄ፥ አንተ ብትሆን ትገዛው ነበርን?» ብለው ጠየቁት።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር ይገኛል። በሮዶስ ደሴት ራብ ሆኖ ሳለ አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው እንደሚመጡ በመንገድ አይቷል። ይህንን ለሕዝቡ ይንገርን፥ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? ሲሴሮ በዚህ ነገር ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ዲዮጋን ዘባቢሎን ሻጭ የሸቀጡን ጕድለት ሕግ ባዘዘው መጠን ከተናገረና ካላታለለ የቀረውን የመናገር ዕዳ የለበትም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንጢጳጥሮስ ዘጠርሴስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ሊያውቅ ይገባዋል ይላል። ሲሴሮም ራሱ በመጨረሻ ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ይፈርዳል፤ ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ ባይሆንም፥ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስ ትርፍ ሲባል እንዳያውቀው ማድረግ መደበቅ ነውና።

በዚህ ላይ የሚቃወም ሰው ምናልባት እንዲህ ይላል፤ «በመርካቶ ሻጭ ሁሉ ‹የመጨረሻ ዋጋዬ ነው› ይላል፥ ገዢም ሁሉ ‹ሌላ ቦታ በርካሽ አግኝቻለሁ› ይላል፤ ሁለቱም እውነት አይደለም፥ ነገር ግን ማንም አይበደልበትም።» ይህ አነጋገር መልስ የሚገባው ነው። የዋጋ ክርክር ሁለቱ ወገኖች ደንቡን የሚያውቁት ጨዋታ ይመስላል፤ የመጨረሻ የተባለው ዋጋ የመጨረሻ እንዳልሆነ ገዢው ያውቃል፥ ሻጩም እንደሚያውቅ ያውቃል። የቤቱ ብረት መቆሙን ግን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው። ጨዋታውን ከማታለል የሚለየውም ይኸው ነው፤ በጨዋታው ሁለቱም ዓይናቸው ክፍት ነው፥ በማታለል ግን የአንዱ ዓይን ታስሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንን ልዩነት ያውቃል፤ በተዋዋዮች መካከል ልዩ የመተማመን ግንኙነት ባለ ጊዜ፥ አንዱ በዝምታው ሌላውን ሐሰት የሆነ ነገር እንዲያምን ያደረገው እንደ ሆነ፥ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ በሕግ ፊትም ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ቃል ነው።

ሌላው ደግሞ በቀና ልብ እንዲህ ብሎ ይመክራል፤ «ወጣቱ እውነቱን ይናገር፤ እውነተኛ ሻጭ ደንበኛው ይበዛል፥ በመጨረሻም ከሐሰተኛው ይልቅ ያተርፋል።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ተብሏልና ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ጕድለት አለበት። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፍ፥ ዋጋ ለማያውቀው ሕፃን እንኳ በትክክል የሚሸጥን ባለ ሱቅ ምሳሌ አድርጎ ያነሣል፤ ይህ ባለ ሱቅ ትክክለኛ የሆነው ለጥቅሙ ሲል ብቻ ከሆነ፥ ሥራው ከግዴታ ጋር ቢስማማም ከግዴታ የመነጨ አይደለም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እውነት የምትነገረው ስለምታተርፍ ብቻ ከሆነ፥ ማትረፍዋን ባቆመች ቀን ትባረራለች። እነዚያ መምህርት ደግሞ በሕይወታቸው የሚገዙት አንድ ቤት ብቻ ነው። ተመልሰው የሚመጡ ደንበኛ አይደሉም። እርሳቸውን ማታለል ለወጣቱ ምንም የማያጐድልበት፥ እንዲያውም 90,000 ብር የሚያስገኝለት ነው። የሻጭ እውነተኛነት የሚፈተነውም እንዲህ ባለው ሰው ፊት ነው እንጂ ነገ ተመልሶ በሚመጣው ባለጠጋ ፊት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በወጣቱ ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ለሠራተኛው የማይበቃ ደመወዝ ሰጥቶ የቀረውን ከሽያጭ ብቻ እንዲያገኝ የሚያደርግ ባለ ድርጅት፥ በአፉ «አትዋሹ» ቢልም በገንዘቡ ዝምታን ይገዛል። በሬውን ሣር አሳይቶ ወደ ገደል የሚመራ ሰው፥ በሬው ሲወድቅ «እኔ አልገፋሁትም» ማለት አይችልም። ልጃቸው ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቁ ያመጣውን ገንዘብ ብቻ የሚያመሰግኑ ወላጆችም፥ ጧት የሚያጨበጭበው ጉባኤም ከዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሆኖም የሌሎች ድርሻ ቢቈጠር የራስን ድርሻ አያጠፋውም፤ መምህርቲቱ የጠየቁት ድርጅቱን አይደለም፥ «አንተ ብትሆን» ብለው እርሱን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጣቱ ያልተነገረ አንድ ነገር አለ። ቅዳሜ ማታ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በገና ይማራል። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚሠራ ስለ ሆነ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ይለዋውጠዋል፥ እንዚራውም በቦታው ካልገባ ድምፁ አይወጣም። ስለዚህ ተማሪው ገና መደርደር ሳይጀምር ብዙ ጊዜ በመቃኘት ያልፍበታል። ጓደኞቹ «ይህ ምን ይጠቅምሃል? በዚህ ሰዓት ሦስት ደንበኛ ትደውል ነበር» ይሉታል። ለጥያቄያቸው የሚመልሰው ነገር ገና አላገኘም፤ ነገር ግን መልሱ በሥራው ውስጥ ይገኛል። አውታር በንግግር አይቃኝም። የረገበውን አውታር ቢያመሰግኑት፥ ቢያባብሉት፥ «ነገ ዋጋህ ይጨምራል» ቢሉት አይሰማም፤ እስኪከር ድረስ ይጠበቃል እንጂ። ስድስት ቀን ሰውን ሲያሳምን ለዋለ ወጣት፥ ማንንም ሊያሳምን የማይችልበት አንድ ሰዓት ማግኘት ታላቅ ዕረፍት ነው። በዚያች ሰዓት የሚሸጥ ነገር የለውም፤ ስለዚህም የገዛ ድምፁን ይሰማል።

ይህ እንደ ትርፍ ነገር ሊቈጠር አይገባም። አሜሪካዊው አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1949 በኒውዮርክ ለመድረክ ያበቃው ስለ አንድ ሻጭ ሞት የሚናገር ተውኔት አለ፤ በዚያ ተውኔት ሽማግሌው ሻጭ በሁለት ሻንጣው ይዞ የሚዞረው ሸቀጥ ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነገርም። ተመልካቹ ግን ውሎ አድሮ ሰውየው ሲሸጥ የኖረው ራሱን እንደ ሆነ ያስተውላል። ይህ ሰው በእጁ መሥራት ይወድ ነበር፥ ቤቱንም ራሱ ሲጠጋግን ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን ያንን ደስታ ከቍም ነገር ሳይቈጥረው፥ መወደድና መሸጥ ብቻ ሰው የሚያደርጉት መስሎት ጠፋ። ከሥራው ውጭ የሚወደው ነገር የሌለው ሻጭ፥ ወይም ያለውን የናቀ፥ ገበያው ሲዘጋ የሚመለስበት ቤት የለውም። አንድ የማይሸጥ ነገር በልቡ ያኖረ ሰው ግን «ይህስ ይቀራል» ማለትን ስለ ለመደ፥ የፈተናው ቀን ሲመጣ ያው ቃል ከአፉ ላይ ይገኛል።

ወደ መምህርቲቱ እንመለስ። ወጣቱ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እንዲህ ብሎ መለሰላቸው፤ «እናቴ፥ እኔ ብሆን አልገዛውም ነበር። የብረት ሥራው ከቆመ 4 ወር ሆኖታል፤ መቼ እንደሚጀመርም የሚያውቅ የለም። ሌላ ቤት ኖሮት አምስትና ስድስት ዓመት መጠበቅ ለሚችል ሰው ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም።» እርሳቸውም ወረቀታቸውን አጥፈው በቦርሳቸው ጨመሩና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሌላ ገዢ አምጥተው አልካሱትም፤ ወሬውም በከተማው ተሰምቶ ደንበኛ አላበዛለትም። በዚያ ወር አንድም ቤት ሳይሸጥ ቀረ፤ የእኅቱን የትምህርት ክፍያ ከጓደኛው ተበደረ። አለቃውም ነገሩን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ፥ «እኛ የቀጠርንህ ልትሸጥ ነው እንጂ ልትመሰክር ነውን?» አለው።

አለቃው በቍጣ የተናገረው ቃል ከዚህ በላይ ሲፈለግ የቈየውን መልስ ይዟል። ሸማቹ ሊያየው የማይችለውን ነገር የሚሸጥ ሰው፥ ሳይወድ እንኳ ምስክር ነው። የእርሱ ዓይን በሌላው ዓይን ፈንታ ቆሟልና። ለድካሙ፥ ለጫማው ጭቃ፥ ለተዘጋበት ስልክ፥ ለአነጋገሩ ለዛ ዋጋ ሊቀበል ይገባዋል፤ ከመቶ 1 ቢሆን፥ ከመቶ 2 ቢሆን ነውር የለበትም። አንደበት ለሥራ ይከራያል። ምስክርነት ግን ኪራይ የለውም፤ ዋጋ የተቀበሉበት እንደ ሆነ ምስክርነት መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ቤትም ሆነ ሌላ ነገር የሚያሸጥ ባለ ገንዘብ፥ ሠራተኛው እውነት ተናግሮ የሚያድርበትን ደመወዝ ያስብለት። የሚገዛም ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይጠይቅ እንደ መምህርቲቱ «አንተ ብትሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በዚህ ጥያቄ ሻጩን ከሸቀጡ ለይቶ እንደ ሰው ያከብረዋልና። ወጣቱም እኅቱን ሲያስተምር፥ እናቱንም ሲረዳ፥ ከሁሉ አስቀድሞ በቤታቸው የሚታመን አንደበት ይዞ መግባት እንዳለበት አይርሳ። በገናውንም አይሽጥ።